በአለት ላይ የቀረ ምስክርነት፦ የሳን ሕዝብ ሥዕሎችና ከኋላቸው የመጡ ምልክቶች

የማወራችሁ ከአገራችን ርቆ ስለሚገኝ የተራራ ሰንሰለት፣ በዚያም በአሸዋ ድንጋይ ዋሻዎች ግድግዳ ላይ ስለተሣሉ፣ የአካባቢው አዳኞች ስለነበሩት የሳን ሕዝብ ሥዕሎች ነው። ከሥዕሎቹ ጎንና በላያቸው ሌሎች ሰዎች በኋላ ዘመን ስላኖሯቸው ምልክቶችም እናገራለሁ።

ዓላማዬ አንድ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ መዝገብ መሆኑን፣ መዝገብ ደግሞ ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፈበት ተለይቶ ካልታወቀ በትክክል ሊነበብም ሊጠበቅም እንደማይችል ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ስለ ድንጋዩና ስለ ሠዓሊዎቹ እናያለን። ቀጥሎ በኋላ የመጡት እጆች ምን እንደጨመሩና ምን እንዳጠፉ እንመረምራለን። በመጨረሻም ዛሬ ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከቦታው እንነሣ። ድራከንስበርግ የሚባሉት ተራሮች በደቡብ አፍሪካዋ ኳዙሉ ናታል ግዛትና በሌሶቶ ድንበር ላይ ይገኛሉ፤ ዙሉዎች ኡካህላምባ ይሏቸዋል። ከላይ የሚታየው ጥቁር ገደል እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት ነው። ከሥሩ ነጣ፣ ቢጫ ብሎ የሚታየው ንጣፍ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው በረሃ በነበረበት ዘመን ነፋስ እየከመረ ያጠራቀመው አሸዋ ጠጥሮ ነው ድንጋይ የሆነው። ከንጣፉ በታች ያለው ደካማ ክፍል ቀድሞ ስለሚበላና ውሃም በመካከል ስለሚሰርግ፣ የገደሉ ግርጌ ይቦረቦራል፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ንግግር ዋሻ የምለው ይህንኑ ነው፤ ወደ ውስጥ ብዙ የማይጠልቅ፣ ፊቱ ለብርሃን ክፍት የሆነ፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ።

ይህ ድንጋይ ለሥዕል ወዳጅም ጠላትም ነው። ቀዳዳ ስላለው ቀለሙን ወደ ውስጡ ይጠጣል፤ ሥዕሉ ዘመን የተሻገረው አንድም በዚህ ነው። ነገር ግን ውሃም ይጠጣል። ውሃው በተነነ ጊዜ የተሸከመው ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ይረጋል፤ የረጋው ጨው እያበጠ የድንጋዩን ፊት ከነሥዕሉ በቅርፊት በቅርፊት ይገፈዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ባይነካው እንኳ ግድግዳው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለቀ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በድራከንስበርግ ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች ከ600 በላይ ናቸው፤ በውስጣቸው የተመዘገቡት ምስሎችም 35,000 ያህል ይሆናሉ። ዩኔስኮ ስፍራውን በ2000 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2013 ደግሞ በሌሶቶ በኩል ያለው የሴህላባቴቤ ፓርክ ተጨመረበት። የሥዕሎቹን ዕድሜ ማወቅ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም ቀዩ ቀለም ብረት ያዘለ አፈር ስለሆነ በካርቦን አይለካም። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ከሰል ከገባበት ጥቁር ቀለም እጅግ ጥቂት እየወሰዱ መለካት ችለዋል። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት በደቡብ ምሥራቅ ቦትስዋና የተገኙ ሥዕሎች ከ4,000 ዓመት በላይ፣ ከድራከንስበርግ ደቡባዊ ጫፍ በማክሊር አካባቢ የተገኙት ደግሞ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ሥዕሉ የቆመው ግን ጥንት አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ድረስ እየተሣለ ኖሯል።

አሣሣሉን የሚያሳይ አንድ ምስክርነት ልጥቀስ። በ1930ዎቹ መባቻ በሌሶቶ ማፖቴ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የፑቲ ሕዝብ አለቃ የሞሮሲ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከሳን ወገን ከተወለዱ ወንድሞቻቸው ጋር በዋሻ ውስጥ ሥዕል ተምረዋል። ማሪዮን ሃው የምትባል ሴት እንዲሥሉላት በጠየቀቻቸው ጊዜ፣ ቀዩን ቀለም ለመበጥበጥ አዲስ የታረደ የኢላንድ ደም ያስፈልጋል አሏት። ኢላንድ የአጋዘንና የድኩላ ወገን የሆነ፣ ከወገኖቹ ሁሉ የሚገዝፍ የዱር እንስሳ ነው፤ በአገራችንም በኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ኢላንድ አልቆ ስለነበር በበሬ ደም መሥራት ግድ ሆነ። ደሙ ትኩስ መሆን ነበረበት፤ ካልሆነ ይረጋና ድንጋዩ አይጠጣውም። እኚህ አዛውንት ብሩሻቸውን ራሳቸው ሠርተው የሣሉት የመጀመሪያው እንስሳም ኢላንድ ነበር።

ለምን ኢላንድ? ወደ አንድ ግድግዳ ጠጋ ብለን እንየው። በካምበርግ ሸለቆ ጌም ፓስ በሚባለው ዋሻ ውስጥ አንድ ኢላንድ ተሥሏል። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ተመልካቹ አዙሯል። የኋላ እግሮቹ ተጠላልፈዋል፤ ሊወድቅ ነው። ጸጉሩ ቆሟል። እንዲህ የሚሆነው በመርዝ ቀስት ተወግቶ ሊሞት የሚያጣጥር እንስሳ ነው። ከኋላው አንድ ሰው ጅራቱን ይዞ ቆሟል። የሰውየውም እግሮች እንደ እንስሳው ተጠላልፈዋል፤ በእግሩ ጫፍ ያለውም የሰው እግር ሳይሆን ሰኮና ነው። ሠዓሊው የሰውንና የእንስሳውን አኳኋን አንድ ያደረገው በድንገት አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ነገር እየደረሰባቸው ነው ማለቱ ነው።

ምን እየደረሰባቸው ነው ለሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን መልስ የተፈለገው ከሩቅ ነበር። ፈረንሳዊው ቄስና ተመራማሪ አቤ ሄንሪ ብሮይ በ1933 ወደ አገራችን መጥቶ በድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የመረመረ ትልቅ ሰው ነው። እሱ ግን በናሚቢያ ብራንድበርግ ያለውን «ነጯ እመቤት» የተባለ ሥዕል ባየ ጊዜ ከሜዲትራኒያን ባሕር የመጣች ሴት ናት ብሎ አስተማረ። ዛሬ ምስሉ የአፍሪካውያን የራሳቸው ሥራ መሆኑን፣ ሴትም አለመሆኑን እናውቃለን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የሳን ሥዕል የሚፈታው በሳን ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ አልጠፋም ነበር፤ የሚሰማው ነው የጠፋው።

ቃሉ እንዴት እንደተረፈ መናገር የክፍሉ ዋና ነገር ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ1873 የህሉቢ ሕዝብ አለቃ ላንጋሊባሌሌ ከናታል ቅኝ ገዥዎች ጋር ተጋጨ። የህሉቢ ወጣቶች በኪምበርሊ የአልማዝ ቁፋሮ ሠርተው ጠመንጃ ገዝተው ይመለሱ ነበር፤ መንግሥት ጠመንጃዎቹ ይመዝገቡ አለ፤ አለቃው ሳይስማማ ቀረና ሕዝቡን ይዞ በተራራው በኩል ወደ ሌሶቶ ተሻገረ። እሱን ለመያዝ ከወጡት አንዱ ጆሴፍ ኦርፐን የተባለ ባለሥልጣን ነበር። ኦርፐን በማሉቲ ተራሮች መንገድ እንዲመራው ቺንግ የተባለ ወጣት የሳን አዳኝ አገኘ። የቺንግ ወገኖች በጦርነት አልቀዋል፤ እሱም እስከዚያ ጊዜ ድረስ ነጭ ሰው ያየው በውጊያ ላይ ብቻ ነበር። ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ ኦርፐን ስለ ሥዕሎቹ ጠየቀው፤ ቺንግም መለሰለት። ሁሉን ስለፈጠረው ስለ ካገን፣ ካገን ስላሳደገው ኢላንድና ልጆቹ እሱ በሌለበት ስለ መግደላቸው፣ ፈዋሾች ራሳቸውን እስኪስቱ ስለሚጨፍሩት ጭፈራ ነገረው። የእንስሳ ራስ ያላቸውን ሰዎች ባሳየው ጊዜ፣ ሞተው በወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ከዚያው ጭፈራና ከኢላንዶቹ ጋር አያያዛቸው።

ኦርፐን ይህን በሐምሌ 1874 በኬፕ ታውን መጽሔት ላይ አሳተመው። በዚያው ከተማ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዊልሄልም ብሌክና ሉሲ ሎይድ ኻም ከሚባሉት የሳን ወገኖች ቃል በቃል ይመዘግቡ ነበር። አብዛኞቹ ተናጋሪዎች በእስር ከመጡ በኋላ በብሌክ ቤት እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሥራ የተረፈው ደብተር ከ12,000 ገጽ በላይ ነው፤ ቋንቋው ግን ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ብሌክ የኦርፐንን የሥዕል ግልባጭ ባየ ጊዜ ሥዕሎቹ ከሳን ሕዝብ እምነትና ሃይማኖታዊ ስሜት የፈለቁ ጥበብ መሆናቸውን ወዲያው ተረዳ። ይህ አሳብ ግን ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1976 ፓትሪሺያ ቪኒኮምብ፣ በ1981 ዴቪድ ልዊስ ዊልያምስ በየመጽሐፋቸው ወደ እነዚያ ደብተሮች ተመልሰው ሥዕሎቹን ከቃሉ ጋር አገናኙ። በልዊስ ዊልያምስ ትርጓሜ በጌም ፓስ ያለው ሰው ፈዋሽ ነው። በጭፈራው ኃይል ራሱን ሲስት «ይሞታል»፤ የሚሞተውን ኢላንድ ኃይል ወስዶ ሕመምተኛ ሊፈውስ ይመለሳል። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ቺንግ ስለ ሙታን መናገሩን አጥብቀው ይዘው፣ በሥዕሎቹ ውስጥ ከፈዋሾች ይልቅ የሙታን መናፍስትን ያያሉ። ክርክሩ ጤናማ ክርክር ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚቆመው በሳን ሰዎች ቃል ላይ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገር። ከኋላ የመጡት ምልክቶች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ስም «ጭረት» ብሎ መጥራት ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ የሳን ሠዓሊዎች ራሳቸው የጨመሯቸው ናቸው። ነጮች ሰፋሪዎች በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ ናታል ከገቡ ወዲህ በግድግዳዎቹ ላይ ፈረስ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ጠመንጃ፣ የሚነዳ ከብት ታየ። እነዚህ ሥዕሎች መሬታቸው ሲወሰድና አደናቸው ሲመናመን የነበሩትን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት ከውስጥ ሆነው ይመሰክራሉ። በዚያ ዘመን ስለ ሳን የተጻፈው የመንግሥት ወረቀት ከብት ዘራፊ ይላቸዋል፤ የእነሱን ወገን ቃል የያዘው ይህ ግድግዳ ነው።

ሁለተኞቹ የጎረቤቶቻቸው ናቸው። ከሳን ጋር የተጋቡ፣ የተዋጉ፣ ዝናብ እንዲያዘንቡላቸው የለመኗቸው አራሾችና እረኞች በብዙ ዋሻዎች በጣታቸው ወፈር ያሉ ምስሎችን ሥለዋል። መድኃኒት አዋቂዎች ከሥዕሎቹ ቀለም ፍቀው ለመድኃኒት ወስደዋል። በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ በትራንስካይ የተገኙ፣ አባታቸው ሠዓሊ የነበሩ አንዲት አሮጊት ለተመራማሪዎች እንደነገሯቸው፣ ሰዎች ኃይል ለማግኘት እጃቸውን በኢላንዱ ሥዕል ላይ ያኖሩ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ተፍቆ ወይም በእጅ ተዳስሶ የምናየው ቦታ ሁሉ የጥፋት ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ሥዕሉን ሕያው ነው ብሎ ያመነ ሰው የነካው ነው።

ሦስተኞቹ የመንገደኛ ምልክቶች ናቸው። በጃያንትስ ካስል፣ ከ500 በላይ ሥዕል ባለበት ሜይን ኬቭስ በተባለው ስፍራ፣ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ «75» የሚል ቁጥር ተቀርጿል። በ1874 ከላንጋሊባሌሌ ግጭት በኋላ የተራራ በሮችን ለመዝጋት የተላኩ የእንግሊዝ 75ኛ እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች በዚያ ሰፍረው ነበር፤ ቁጥሩን የቀረጸው ወጥ ቤታቸው ነው ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ግጭት፣ አንድ ተራራ፣ ሁለት ተከታታይ ዓመት። በአንድ በኩል ቺንግ ለኦርፐን የሥዕሎቹን ምሥጢር ነገረው፤ በሌላ በኩል ወታደሩ በዚያው ዓይነት ሥዕል ሥር ድስቱን ጥዶ የክፍሉን ቁጥር ቀረጸ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ስማቸውን፣ ቀናቸውን፣ የከሰል ጭረታቸውን አኖሩ። እሳት አንድደው ግድግዳውን ጥላሸት አለበሱት። በጎችና ከብቶች ያደሩባቸው ዋሻዎችም አሉ፤ እንስሳቱ ግድግዳውን እየታከኩ አጠፉት። ቀለሙ ደምቆ እንዲታይ ውሃ የሚረጩም ነበሩ። ግድግዳውን ቆርጦ የወሰደም አለ። ከማክሊር አካባቢ በ1917 ገደማ ተቆርጦ ወደ ኬፕ ታውን ሙዚየም የተወሰደው የሊንተን ድንጋይ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ በ2000 ያወጀችው አርማ ላይ ያሉት የሰው ምስሎች የተወሰዱት ከዚህ ድንጋይ ነው።

ይህን ሁሉ በምን መለኪያ እንለየው? ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ አለ። በጥንት ገዳሞቻችን ባሉ የብራና ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የነገሥታት ውል ተጽፎ እናገኛለን። ያ ጽሑፍ የወንጌሉ አካል አይደለም፤ በኋላ የመጣ ነው። ሆኖም ወንጌሉን ሳይነካ በኅዳጉ ስለተጻፈ ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊ ከወርቅ ይበልጥበታል። ብራናውን ፍቆ በላዩ የጻፈ ግን ሁለት ነገር አጥፍቷል፤ የቀድሞውን ቃልም፣ የራሱን ታማኝነትም። ለዋሻውም መለኪያው ይኸው ነው። የኋለኛው እጅ የፊተኛውን ሊነበብ ትቶታል ወይስ አጥፍቶታል? ፈረሱን የሣለው የሳን ሠዓሊ ኢላንዱን ትቶታል። «75» የቀረጸው ሰው እንኳ የቀረጸው በቋጥኙ ላይ ነው። ስሙን በኢላንዱ ሆድ ላይ በቢላ የሚጭር ሰው ግን ምንም አልጨመረም፤ ወስዶ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። የወታደሩ ቁጥር ዛሬ ታሪክ ከሆነ፣ የእኔስ ስም ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪክ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካው የ1999 የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ራሱ በአለት ላይ በሰው እጅ የተሠራ፣ ዕድሜው ከ100 ዓመት የበለጠ ሥዕልና ቅርጽን፣ በዙሪያው ካለው 10 ሜትር ጋር ይጠብቃል። መልሴ ይህ ነው። የወታደሩ ቁጥር የከበረው ቀራጩ ስላከበረው አይደለም። ስለ ላንጋሊባሌሌ፣ ስለ ተዘጉት በሮችና ስለ ሳን መገፋት ስለምናውቅ ነው የሚናገረው። የድርጊቱ ማርጀት ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ከዚህም በላይ፣ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ አለ፤ ግድግዳው ያለ እኛም እያለቀ ነው። ያ ሥዕል ተተኪ የለውም፤ ደሙን በጥብጠው፣ ጭፈራውን ጨፍረው የሣሉት ሰዎች ልማድ ከ100 ዓመት በላይ ቆሟል። ስሙን ማኖር የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬ የሚጽፍበት ቦታ ሞልቶታል።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሻለሁ፤ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛው ነገር እውቀት የሌለው ጽዳት አለመሞከር ነው። የከሰል ጭረትን የሠለጠነ የቅርስ ጥገና ባለሙያ በጥንቃቄ ሊያነሣው ይችላል። በቢላ የተጫረው ግን አይመለስም፤ በብሩሽ የሚፈትግ ሰውም ጭረቱን ከነአሸዋው፣ አሸዋውን ከነሥዕሉ ያወርደዋል። ውሃ መርጨትም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ያደመቀው ውሃ ጨውን ቀስቅሶ ለዘለቄታው ያደበዝዘዋል። ለዚህ ነው ወደ ጌም ፓስም ሆነ ወደ ሜይን ኬቭስ ጎብኚ ያለ አስጎብኚ እንዳይገባ የተደረገው።

ሁለተኛው፣ የባለቤቶቹን ዝርያዎች መስማት ነው። የሳን ሕዝብ በድራከንስበርግ ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተጽፏል። ብዙዎቹ ግን በጎረቤቶቻቸው መካከል ስማቸውን ደብቀው ኖረዋል። ዛሬ በካምበርግ ሸለቆ የሳን ዝርያ መሆናቸውን የሚናገሩ ቤተሰቦች በጌም ፓስ የኢላንድ ሥርዓታቸውን ያከብራሉ። ለእነሱ ዋሻው የቱሪስት መስህብ ብቻ አይደለም፤ አባቶቻቸውን የሚያገኙበት ቦታ ነው። ጥበቃው እነሱን ከበር ውጭ አቁሞ የሚሠራ ከሆነ፣ ቺንግን ለመቶ ዓመት ያልሰማነውን ጥፋት እንደግመዋለን። ሕጉ ሥዕሉን ሲጠብቅ ሥዕሉ የተሠራለትን ሥርዓት የሚያደርሱ ሰዎችንም በክብር ማስገባት አለበት።

ሦስተኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነው። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በለጋ ኦዳ በአለት ጥግ ላይ ከብቶች ተሥለዋል፤ በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች የተሣሉና የተቀረጹ ድንጋዮች አሉ። የእነዚያን ሠዓሊዎች ቃል የመዘገበልን ቺንግ የለንም፤ ስለዚህ ያለን ምስክር ግድግዳው ብቻ ነው። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብታገኙ ሳትነኩትና ሳታረጥቡት ፎቶግራፍ አንሡት፤ በሥሩ እሳት እንዳይነድድ፣ ከብት እንዳይታከክበት ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተመካከሩ፤ ለባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤትም አስታውቁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ድንጋዩ የሚሉትንም ጻፉ፤ ማን እንደሣለው ባያውቁ እንኳ፣ ስፍራውን ምን ብለው እንደሚጠሩትና ለምን እንደሚያከብሩት መመዝገብ ይገባዋል። የድራከንስበርግ ሥዕሎች ዛሬ የሚነበቡት በ1873 አንድ ሰው በእሳት ዳር ተቀምጦ ስለጠየቀና መልሱን ስለጻፈ ነው። ያንን ያህል መጠየቅና መጻፍ ከእያንዳንዳችን አቅም በላይ አይደለም።